ጋዙ የት ሄደ? የመኪና ኤሲ ሙቅ አየር ሲነፍስ

ባለፈው ሚያዝያ እናቴን ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ለመውሰድ ከቱሉ ዲምቱ ተነሣን። የምንኖረው እዚያው አካባቢ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ነው። ጠዋት ስንወጣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር እናቴ ጋቢዋን አልጣለችም። በፍጥነት መንገዱ ዱከምንና ቢሾፍቱን አልፈን ወደ ሞጆ ስንቃረብ መስኮቱን ዘጋሁና ኤሲውን ከፈትኩ። ነፋሱ በኃይል ይወጣል፤ ቅዝቃዜ ግን የለውም። አዳማ ስንደርስ የእናቴ ፊት በላብ ተጠምቆ ነበር። "ልጄ፣ ይህስ ከውጭው ይብሳል፤ መስኮቱን ክፈተው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞላሁ። በተሞላ ቁጥር ለጥቂት ሳምንታት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ መልሶ ይሞቃል። አራተኛ የሄድኩባቸው ባለሙያ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። የግፊት መለኪያቸውን እንኳ ከሳጥኑ ሳያወጡ፣ "እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ ሦስት ጊዜ የተሞላው ጋዝ የት ሄደ?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከእርሳቸው በፊት የሞሉልኝ ሰዎችም ይህን ጥያቄ አላነሡትም ነበር። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት ጥያቄው የብዙ ባለመኪናዎችን ገንዘብ፣ አንዳንዴም ኮምፕሬሰራቸውን ሊያድን እንደሚችል ስላየሁ ነው።

ኤሲ ብርድ አያመርትም

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኤሲ ብርድ የሚፈጥር ዕቃ አይደለም። ሥራው ሙቀትን ከመኪናው ውስጥ አንሥቶ ውጭ መጣል ነው፤ ተሸካሚው ደግሞ ጋዙ ነው።

በሸክላ እንስራ ያደረ ውኃ በፕላስቲክ ጀሪካን ካደረው ለምን ይቀዘቅዛል? ውኃው በሸክላው ውስጥ እየሰረገ ወደ ውጭኛው ገጽ ይወጣና ይተናል። ለመትነን ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ያንን ሙቀት የሚወስደው ከእንስራውና በውስጡ ከቀረው ውኃ ነው። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርግ የሚሰማን ብርድም ከዚሁ የመጣ ነው። አልኮሉ ራሱ ከክፍሉ የቀዘቀዘ አልነበረም፤ ሲተን ግን ከቆዳችን ሙቀት ወሰደ።

በመኪና ኤሲ ውስጥ ያለው ጋዝ ከአልኮል እጅግ በበለጠ ፍጥነት ይተናል። በከተማችን በሚሽከረከሩት በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው አር 134ኤ የሚባለው ነው። ይህ ጋዝ በባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ፈሳሽ አድርጎ ለማቆየት መጨመቅና መታፈን አለበት።

መጭመቁ የኮምፕሬሰሩ ሥራ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ በቺንጋ ይሽከረከራል፤ ጋዙን ሲጨምቀውም ያግለዋል። ብስክሌት ነፍቶ የሚያውቅ ሰው የመንፊያው ጫፍ እጅ እስኪያቃጥል እንደሚግል ያስታውሳል። የጋለው ጋዝ ከመኪናው ፊት ለፊት፣ ከራዲያተሩ ቀድሞ ወደተተከለው ኮንደንሰር ይገባል። ነፋስ በኮንደንሰሩ ውስጥ ሲያልፍ ጋዙ ሙቀቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ እርጥበት የሚይዝ ማጣሪያ አልፎ ኤክስፓንሽን ቫልቭ የሚባል እጅግ ጠባብ በር ላይ ይደርሳል። በሩን እንዳለፈ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ ፈሳሹም በዳሽቦርዱ ውስጥ በተደበቀው ኢቫፖሬተር ውስጥ መፍላት ይጀምራል። የሚፈላው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ማራገቢያው ከሚነፋው የመኪናው አየር ይወስዳል። እኛ ፊታችን ላይ የሚሰማን ቅዝቃዜ እንግዲህ ሙቀቱ የተወሰደበት የራሳችን አየር ነው። ጋዙም ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ጋዙ የሚቃጠልበት ወይም የሚያልቅበት አንድም ጣቢያ የለም። ጋዙ እንደ ቤንዚን የሚነድ ነገር ስላልሆነ በመሥራት ብዛት አይጎድልም። በጎማ ቱቦዎችና በመገጣጠሚያዎች በኩል በብዙ ዓመታት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ግራም ሊሰርግ ይችላል፤ ይህ የታወቀ ነው። በሦስት ሳምንት የሚጎድል ጋዝ ግን በቀዳዳ የወጣ ነው። "ጋዙ አልቋል" የሚለው አባባል ራሱ ያሳስተናል። ትክክለኛው ቃል "ጋዙ ፈስሷል" ነው፤ እንዲህ ስንል የሚቀጥለው ጥያቄ በራሱ ይመጣል።

ደጋ ላይ የሚደበቅ ብልሽት

የአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪዎች ይህ ብልሽት ከሌላው ይልቅ ሳይታወቀን ይቆያል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መተሐራ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ገደማ ስለሚለያይ፣ ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ሆነን ኤሲ መክፈት ትዝ አይለንም። ኤሲው መበላሸቱን የምናውቀው ቁልቁል ስንወርድ ነው፤ ያኔ ደግሞ ልጆችና አዛውንቶች ከኋላ ተቀምጠዋል።

ሳይከፈት መክረሙ በራሱ ብልሽት ያመጣል። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ የሚዞር ነው። ኤሲው ለወራት ሳይሠራ ሲቆም፣ በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ ዘይት አጥቶ ይደርቃል። የደረቀ ጎማ ይኮማተራል፤ ጋዝም ያሾልካል። ስለዚህ ክረምትም ቢሆን በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል ኤሲውን ይክፈቱት። ሙቀት ማስተካከያውን ወደ ሙቅ አድርገው ቢከፍቱትም ኮምፕሬሰሩ ይሠራል፤ እንዲያውም በሐምሌ ዝናብ መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን ጉም ከምንም በላይ የሚያጠፋው ይኸው ነው፤ ኤሲው ከአየሩ ውስጥ እርጥበቱን ያወጣዋልና።

ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት የሚያዩት

ሙቅ አየር ሁሉ የጋዝ ጉድለት አይደለም። ከመኪናው ውስጥ ይጀምሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ የጠዋት ብርድ ወደ ሙቅ የዞረው ማስተካከያ እዚያው ተረስቶ ይሆናል። የውጭውን አየር ዘግቶ የውስጡን የሚያዘዋውረውን ቁልፍም ይጫኑ፤ የቀዘቀዘን አየር መልሶ ማቀዝቀዝ ከውጭ የሚገባውን ትኩስ አየር ከማቀዝቀዝ ይቀላልና።

ቀጥሎ ነፋሱ ደካማ ነው ወይስ ሙቅ ነው የሚለውን ይለዩ፤ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ቀዝቃዛ ሆኖ ደካማ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የአየር ማጣሪያው ነው። በብዙ መኪኖች ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ይገኛል፤ ያለ መፍቻም ይወጣል። ገና አስፋልት ባልገባባቸው የኮዬ ፈጬና የቦሌ አራብሳ መንገዶች የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ጊዜ ማውጣት ይበቃል።

ብልሽቱ የሚታይበት ሰዓትም ብዙ ይናገራል። በፍጥነት ሲነዱ ይቀዘቅዛል፣ ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘግቶ ሲቆሙ ግን ይሞቃል እንበል። ሲነዱ ነፋሱ በራሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆሙ ይህ ኃላፊነት ወደ ኤሌክትሪክ ማራገቢያው ይሄዳል። እንግዲህ ማራገቢያው አይዞርም፣ ወይም ኮንደንሰሩ በአቧራ ተደፍኗል ማለት ነው። የጋዝ ማነስም ይህን ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ቀላሉን ግን አስቀድመው ይዩ። ሞተሩን አስነሥተው ኤሲውን ከፍተው ወደ ፊት ሄደው ቢመለከቱ በአብዛኞቹ መኪኖች ማራገቢያው ወዲያው ወይም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይነሣል። ሌላው ምልክት ደግሞ መጀመሪያ በደንብ ቀዝቅዞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነፋሱ እየደከመ ሲሞቅ ነው። ይህ ኢቫፖሬተሩ በረዶ መሥራቱን ያመለክታል። ኤሲውን አጥፍተው ማራገቢያውን ብቻ ሲተዉት በረዶው ቀልጦ በመኪናው ሥር ብዙ ውኃ ያንጠባጥባል።

አሁን ኮፈኑን ይክፈቱ። ሞተሩ እየሠራ ነውና ነጠላ፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ እጅጌ ከቺንጋውና ከማራገቢያው ይራቅ። አንድ ሰው ኤሲውን ሲከፍትና ሲዘጋ እርስዎ ኮምፕሬሰሩን ይመልከቱ። በብዙ መኪኖች በፊቱ ያለው ክብ ሳህን "ጠቅ" ብሎ ከፑሊው ጋር መዞር ይጀምራል። በየጥቂት ሰከንዱ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጋዝ አንሷል። ጭራሽ የማይይዝ ከሆነ ፊውዙንና ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን ትንሽ ማብሪያ) ይፈትሹ፤ የጡሩምባው ሪሌ ተመሳሳይ ዓይነት በሆነባቸው መኪኖች ሁለቱን አቀያይሮ መሞከር ይቻላል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ይህ "ጠቅ" የማይል፣ ሁልጊዜ እየዞረ መጠኑን ብቻ የሚያስተካክል ኮምፕሬሰር ስለሚኖር ዝምታው ብቻውን ብልሽት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ አጥብቄ የምቃወመው ልማድ አለ። ጋዙ በጣም ሲያንስ የግፊት ማብሪያው ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሣ ያግደዋል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ማብሪያ ነቅለው ሁለቱን ገመድ በቁራጭ ሽቦ ያገናኙና ኮምፕሬሰሩን በግድ ያስነሡታል። ዘይቱ ከጋዙ ጋር የሚዞር ነው ብለናል፤ ጋዝ ከሌለ ዘይት አይደርስም። ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ተፋጭቶ ይነክሳል፤ ብናኙም ወደ ኮንደንሰሩና ወደ ቫልቩ ይሰራጫል። በአንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት ይጠገን የነበረው መኪና ከዚያ በኋላ ኮምፕሬሰር፣ ኮንደንሰር፣ ማጣሪያና ቫልቭ ይጠይቃል።

ከሁሉ የምወደው ምርመራ መዳፍ ብቻ የሚፈልገው ነው። ከሞተሩ ክፍል ወደ ዳሽቦርዱ የሚገቡ ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦዎች አሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን። ኤሲው አምስት ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ሁለቱን ቀስ ብለው ይዳስሷቸው። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንደንሰሩ የሚሄደውን ግን አይንኩ፤ ያቃጥላል። ጤነኛ ከሆነ ወፍራሙ እንደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቀዝቅዞ ላብ ያወጣል፤ ቀጭኑ ሞቅ ይላል። ሁለቱም የውጭውን አየር ያህል ከሆኑ ጋዙ አይዞርም፤ ወይ የለም፣ ወይ ኮምፕሬሰሩ አይጨምቅም።

ወፍራሙ ቱቦ በረዶ የመሰለ ቀዝቅዞ ከዳሽቦርዱ የሚወጣው አየር ግን ሙቅ ከሆነስ? ያኔ ጋዙ፣ ኮምፕሬሰሩና ኮንደንሰሩ ሁሉም ጤነኞች ናቸው። ጥፋቱ ያለው በዳሽቦርዱ ውስጥ የሙቁንና የቀዝቃዛውን አየር መንገድ በምትከፍለው ትንሽ የፕላስቲክ በር ላይ ነው። በሯን የምታንቀሳቅሰው አነስተኛ ሞተር ስትበላሽ፣ አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የመኪናው ሞተር ትኩስ ውኃ በሚዞርበት ማሞቂያ በኩል አልፎ ይወጣል። አንድ ጎረቤቴ በዚህ ምክንያት ኮምፕሬሰር ግዛ ተብሎ ገንዘብ ሲያሰባስብ አገኘሁት። ቱቦውን ዳሰስነው፤ እጅ ያደነዝዝ ነበር። ጥገናው በአንዲት አነስተኛ ሞተር ተጠናቀቀ። አንድ ጊዜ ዳስሶ ማየት ይህን ያህል ወጪ ማስቀረቱን ሳስብ፣ ለምን የመጀመሪያ ምርመራ እንደማይሆን ይገርመኛል።

ስለ ኮንደንሰሩ እጥበት አንድ ነገር ልጨምር። ገለባ የጫነ መኪና ተከትሎ የነዳ ሰው የኮንደንሰሩ ቀጫጭን ቅጠሎች በምን እንደሚደፈኑ ያውቃል። መታጠብ አለበት፤ ነገር ግን የላቫጆው ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ በቅርብ ሲረጭበት ቅጠሎቹ ይተኛሉ፤ የተኙ ቅጠሎች ደግሞ አየር አያሳልፉም። በተራ የጎማ ቱቦ፣ በዝግታ፣ ከተቻለ ከውስጥ ወደ ውጭ ይታጠብ።

ቀዳዳውን መፈለግ

ወደ እኔ መኪና ልመለስ። እኚያ ባለሙያ መብራት ይዘው ከፊት ተንበረከኩና ኮንደንሰሩን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። ከታች በስተቀኝ ጥግ ጥቁር፣ አቧራ የጠጣች ነጥብ አሳዩኝ። ጋዝ ሲወጣ ዘይቱን ይዞ ስለሚወጣ፣ አቧራ ደግሞ ዘይት ላይ ስለሚጣበቅ፣ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ በዚህ እድፍ ይጋለጣል። የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ ቀስ ብሎ ፊኛ ነፋ። ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ የወረወረው ድንጋይ ይሆናል፤ ስፋቱ ከመርፌ ጫፍ አይበልጥም ነበር።

ቀዳዳ የሚበዛው በኮንደንሰሩ ፊት፣ ቱቦዎቹ በሚገናኙበት የጎማ ቀለበት፣ በመሙያው አፍና በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ ላይ ነው። ስለዚህ የመሙያው የፕላስቲክ ክዳን ከጠፋ ይተካ፤ አቧራ ይከላከላል፣ ሁለተኛ ማሸጊያም ነው። ሳሙና የማያሳየውን ቀጭን ቀዳዳ በልዩ መብራት የሚያበራ ቀለም ወይም ጋዝ የሚያሸት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ያገኘዋል። ከሁሉ አስቸጋሪው የኢቫፖሬተሩ ነው፤ ዳሽቦርዱ መፈታት ስላለበት ድካሙም ዋጋውም ይበዛል።

ብዙ ቦታ የሚደረገው "የቫኪዩም ፍተሻ" ብቻውን አይበቃም። ውስጡ ባዶ ሲደረግ ቀዳዳው ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ብቻ ነው፤ ይህም በእኛ ከፍታ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ኤሲው ሲሠራ ግን የከፍተኛው ግፊት ወገን፣ ማለትም ከኮምፕሬሰሩ እስከ ቫልቩ ያለው፣ የዚህን ከአሥር እጥፍ በላይ ይሸከማል። በቫኪዩም የጸና መገጣጠሚያ በሥራ ላይ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ በደረቅ ናይትሮጅን ሞልቶ የግፊት መለኪያው መርፌ ይወርድ እንደሆነ መጠበቅ ይሻላል። ከጋራዡ የአየር ኮምፕሬሰር የሚወጣ ተራ አየር ግን እርጥበት ስለሚያስገባ ለዚህ አይሆንም።

ከፍታችንና የጌጁ ንባብ

ይህን ክፍል ለባለመኪናም ለወጣት መካኒክም ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ ረዘም አድርጌዋለሁ።

ቀዳዳው ከተጠገነ በኋላ ውስጡ የገባው አየርና እርጥበት መወገድ አለበት። አየር በኮንደንሰሩ ውስጥ ፈሳሽ ስለማይሆን ቦታ ይዞ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። እርጥበት ደግሞ በጠባቡ ቫልቭ ላይ በረዶ ሆኖ መንገድ ይዘጋል፤ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶም ብረት የሚበላ አሲድ ይፈጥራል። የቫኪዩም ፓምፕ ይህን የሚያወጣው ውኃውን በማፍላት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የእናቶቻችን ሽሮ ከቆላው ይልቅ ደጋ ላይ ቆይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው። ግፊቱን በፓምፕ ይበልጥ ስንቀንሰው ውኃው በክፍል ሙቀት ይፈላና በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። አምስት ደቂቃ ፓምፕ አድርጎ "ጨርሻለሁ" የሚል ሰው አየሩን አውጥቶ ውኃውን ትቶታል። ቱቦው ተከፍቶ የቆየ ከሆነም እርጥበት የጠገበው ማጣሪያ መለወጥ አለበት።

አሁን ወደ ጌጁ፣ ማለትም ወደ ግፊት መለኪያው። መመሪያ መጻሕፍት በብዛት የተጻፉት ለባሕር ወለል ነው፤ ሙሉ ቫኪዩም ሲደረስ መርፌው ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ መውረድ አለበት ይላሉ። ጌጁ ግን የሚለካው በቱቦው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በእኛ ከፍታ የውጭው አየር ራሱ ቀላል ስለሆነ መርፌው ከ22 እስከ 23 ኢንች አካባቢ ይቆማል፤ ከዚያ በታች አይወርድም። ፓምፑ ደክሟል ማለት አይደለም። ይህን ያላወቀ መካኒክ ጤነኛ ፓምፕ ይጥላል፤ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። በጋዝ ግፊት ንባብ ላይም ጌጁ ከባሕር ወለሉ በ3 ተኩል ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ለከፍተኛው ወገን ይህ ኢምንት ነው፤ ከቫልቩ እስከ ኮምፕሬሰሩ ላለው ለዝቅተኛው ወገን ግን፣ ግፊቱ ወደ ሙቀት ሲሰላ ጥቂት ዲግሪዎችን ያዛባል።

ሞተሩ ጠፍቶ በ20 ዲግሪ ጠዋት ጌጁ 70 ፒኤስአይ ገደማ ቢያሳይ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አይናገርም። የፈሳሽ ጠብታ እስካለ ድረስ ግማሽ የሞላውም ሙሉውም ያው ንባብ ይሰጣሉ። ስለዚህ ቆሞ ያለ መኪና ላይ ጌጅ ሰክቶ "ሙሉ ነው" የሚል ፍርድ ዋጋ የለውም። ሲሠራ ሁለቱም ወገን ዝቅ ካሉ ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዝ በዝቷል፣ ወይም ኮንደንሰሩ አየር አያገኝም። ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። ዝቅተኛው ወደ ቫኪዩም ሲወርድ ደግሞ መንገድ ተዘግቷል።

በግራም ይሙሉ

ትክክለኛው መጠን በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል። ለአነስተኛ የቤት መኪና ብዙውን ጊዜ ከ350 እስከ 500 ግራም ነው፤ ሁለተኛ ኢቫፖሬተር ያላቸው ትልልቅ መኪኖች ከዚህ ብዙ ይወስዳሉ። የሚሞላው በሚዛን መሆን አለበት። "ትንሽ ልጨምርልዎት" የሚለውን ደግነት አይቀበሉ፤ ሲበዛ ፈሳሹ የኮንደንሰሩን ቦታ ይይዝና ኤሲው መልሶ ይሞቃል፤ ኮምፕሬሰሩም ይጎዳል።

ወረቀቱ የጋዙን ዓይነትም ይነግራል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው አር 12 ነበራቸው። ይህ ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚበላ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነትና በኋላ በተደረጉለት ማሻሻያዎች ከአገልግሎት እንዲወጣ ተወሰነ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች አብዛኞቹ ደግሞ አር 1234ዋይኤፍ የሚባለውን ይጠቀማሉ። አንዱን በሌላው ላይ መደባለቅ አይገባም። አር 134ኤን ወደ አየር መልቀቅም በደል ነው፤ አንድ ኪሎው በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። በመሣሪያ ተስቦ ወደ ሲሊንደር ሊመለስ ይችላል።

የምግብ ማብሰያ ጋዝ በመኪና ኤሲ መሙላት ግን ፈጽሞ አይደረግ። ይቀዘቅዛል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ የሚገኘው እኛ በተቀመጥንበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀዳዳ ሲከፈት የሚነድ ጋዝ ከልጆቻችን ጋር ይዘጋል። በሐሰት ምልክት የሚሸጥ ጋዝም የሚገድል ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. አር 134ኤ ተብሎ የተሸጠ፣ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ጋዝ የተሞላባቸው የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል። ሜቲል ክሎራይድ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ነገር ይፈጥራልና። ከገበያው ዋጋ እጅግ የወረደ ሲሊንደር ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በዳርቻው ሰፈሮች የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከላይ የተባለው የሙቀት ጉዞ በእነዚህም ላይ ያው ነው። ልዩነቱ ኮምፕሬሰሩ ቺንጋ የሌለው፣ በራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር መሆኑ ነው፤ በብዙዎቹ ላይም ከ300 ቮልት በላይ ይደርሰዋል። ብርቱካናማ ገመድ ሲያዩ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ያልሠለጠነ ሰው እንዲነካውም አይፍቀዱ። ዘይቱም ይለያል። የተለመደው የኤሲ ዘይት ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ፣ ጥቂት ጠብታ ቢገባ እንኳ መኪናው የኤሌክትሪክ መፍሰስ አለ ብሎ አልነሣም ሊል ይችላል። በቤንዚን መኪና ላይ ሲሠራ የዋለ የመሙያ ቱቦ ሳይጸዳ እዚህ ላይ መሰካት የለበትም። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ይኸው ኤሲ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ፣ ሲበላሽ ሙቀቱ እኛ ጋ ብቻ አይቀርም፤ በፍጥነት ቻርጅ ማድረጉም ይዘገያል።

የእኔ መኪና ኮንደንሰሩና እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያ ተለወጡ፤ አርባ ደቂቃ ቫኪዩም ተደረገ፤ በናይትሮጅን ተፈተነ፤ እንደገና ቫኪዩም ተደርጎ ወረቀቱ ያዘዘው ግራም በሚዛን ገባ። ባለሙያው በመካከለኛው የነፋስ መውጫ ላይ ቴርሞሜትር ሰኩ፤ 7 ዲግሪ አነበበ። ከዚያ በቁራጭ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የገባውን ግራም፣ የዘይቱን ዓይነትና የተለወጡትን ዕቃዎች ጽፈው በኮፈኑ ሥር ለጠፉልኝ። እርስዎም ይህን ወረቀት ከሚያሠሩበት ጋራዥ ይጠይቁ። በሚቀጥለው ጊዜ ከቱቦው ተስቦ የሚወጣው ጋዝ ተመዝኖ ከዚህ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር፣ የጎደለው ስንት ግራም እንደሆነና በስንት ወር እንደጎደለ በትክክል ይታወቃል።